«ኮንቪክት» ብዬ የጻፍኩባቸው ዘበኛ

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እኔ በጻፍኩት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የተነሳ የማከብራቸው ሽማግሌ ሁለት ወር ያህል ከእንጀራቸው ተፈናቀሉ። ይህን የምጽፈው እንደኔ እንግሊዝኛን ከክፍል ደብተርና ከስልክ መዝገበ ቃላት ለለቀሙ፣ ነገር ግን ሥራቸው ሆኖ በእንግሊዝኛ ሪፖርትና ደብዳቤ መጻፍ ላለባቸው ሰዎች ነው። የወቀሳ፣ የክስና የቅጣት ቃላት እንደ ሌላው ቃል አይደሉም። «ትልቅ» ማለት ፈልጋችሁ «ሰፊ» ብትሉ አንባቢው ይረዳችኋል። «ተጠረጠረ» ማለት ፈልጋችሁ «ተፈረደበት» ብትሉ ግን ሰው ይጎዳል።

የምሠራው ጅማ ከተማ ዳር ባለ የቡና መጋዘን ነበር። ኅዳር የሥራ ወር ነው፤ ደርቆ ጀንፈል የሆነውም፣ የታጠበውም ቡና በኬሻ በኬሻ ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይደረደራል፣ ይጫናል። እኔ የንብረት መዝገብ እይዛለሁ። በየወሩ ደግሞ ገንዘብ ለሚረዳን የውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ ሪፖርት እልካለሁ። ከቢሮው ሰው እንግሊዝኛ ይሻላል የተባለው የኔ ስለነበር ነው ሪፖርቱ እኔ ጋ የወደቀው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስንቆጥር ሦስት ኬሻ የታጠበ ቡና ጎደለ። ሌሊቱን ያደሩት ሁላችንም አባባ የምንላቸው ዘበኛችን ነበሩ። ፖሊስ ተጠራ። ወስዶ ቃላቸውን ተቀበለ፤ አርባ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ልጃቸው ዋስ ጠርቶ አስወጣቸው። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ክስ አልተመሠረተም፣ ምስክር አልተሰማም፣ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው የለም።

እኔ ግን ሪፖርቱን ስጽፍ ስልኬ ላይ «ከሰሰ» ብዬ ፈለግሁ። አራት አምስት ቃል በተርታ መጣልኝ፤ የቱ ከየቱ እንደሚለይ የሚያስረዳ ነገር አልነበረውም። ከመካከላቸው የቢሮ ወግ ያለው፣ ከበድ ብሎ የታየኝን መረጥኩና «ዘ ጋርድ ዋዝ ኮንቪክትድ ኦፍ ስቲሊንግ ስሪ ባግስ» ብዬ ላክሁ። ዘበኛው ሦስት ኬሻ በመስረቅ ተከሰሱ ያልኩ መስሎኝ ነበር። የጻፍኩት ግን «ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው» የሚል ነው።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ጥፋተኛነቱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ሰው በፕሮጀክቱ ገንዘብ ደመወዝ ሊከፈለው አይችልም፣ ውሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቋረጥ። በዚያው ቀን ቁልፋቸውን አስረክበው ሄዱ። ምንም አላሉም፤ ዱላቸውን ብቻ ይዘው በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ከመስኮት አየኋቸው። ያኔም ቢሆን ጥፋቱ ከኔ ቃል መምጣቱን አላወቅሁም ነበር። ፈረንጆቹ ጨከኑ ብዬ ነው ያዘንኩት።

ኬሻዎቹ በዘጠነኛው ቀን ተገኙ። እንደገና እንዲበጠሩ ተብሎ ወደ ጎረቤት መጋዘን ተወስደው ነበር፤ ሲወጡ ግን ሞዴል 22፣ የንብረት ማውጫ ደረሰኙ፣ አልተቆረጠላቸውም። መቁረጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በደስታ ቸኩዬ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ «ዘ ባግስ ዌር ፋውንድ። ዘ ጋርድ ሃዝ ቢን ፓርደንድ።» ኬሻዎቹ ተገኝተዋል፣ ዘበኛውም ነጻ ወጥተዋል ማለቴ ነበር። መልሱ ትሕትና የተሞላ ነበር፦ ይቅር ባይነታችሁን እናደንቃለን፤ ሆኖም ይቅርታ የተደረገለት ሰውም ቢሆን በደንባችን መሠረት ጥበቃ ላይ ሊመደብ አይችልም።

ያን ቀን ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ አትሜ፣ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ለረጅም ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩና አሁን ጡረታ ላይ ያሉ መምህሬ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ቡና እየተፈላ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም አነበቡና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«መጀመሪያ አስፈረድክባቸው፤ ቀጥለህ ደግሞ ጥፋተኛ መሆናቸውን አጸደቅህ» አሉኝ። «ሰውየው ምን አድርገውህ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ነው ለእናንተ የማካፍለው። ግማሹ የሳቸው ነው፤ ግማሹን ደግሞ ከዚያ ወዲህ እየሠራሁ፣ የሰፈሬን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ማታ ማታ ሳስጠና ያገኘሁት ነው።

የጀመሩት በአማርኛ ነበር። «ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ፣ ፍርደኛ፤ እነዚህ አንድ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም አልኩ። «ታዲያ በአማርኛ የማትደባልቀውን በእንግሊዝኛ ለምን ትደባልቃለህ?» ብለው እንደ ደረጃ አድርገው ከታች ወደ ላይ ጻፉልኝ። ጠረጠረ፣ ሰስፔክት። ያዘ፣ አሬስት። ክስ መሠረተ፣ ቻርጅ። ጥፋተኛ ነህ አለ፣ ኮንቪክት። ቅጣት ወሰነ፣ ሴንተንስ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ማንም ሰው መጠርጠር ይችላል። የሚይዘው ፖሊስ ነው። በወንጀል ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። ኮንቪክትና ሴንተንስ ግን ከዳኛ አፍ ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ ዳኛ በሌለበት ኮንቪክት የለም። በሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ እኔ ያልተከሰሱትን ሰው ነው በአንድ ቃል ሁለት ደረጃ አዝልዬ ያስወጣኋቸው።

አክዩዝ የሚባለው ቃል ከዚህ ደረጃ ውጪ ይቆማል። ጎረቤትም ጎረቤቱን፣ ሚስትም ባሏን አክዩዝ ልታደርግ ትችላለች፤ «አንተ ነህ ያደረግኸው» ማለት ነው፣ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም። ብድር አልመልስ ያላችሁን ሰው ፍርድ ቤት ብታቆሙት ደግሞ አክዩዝም ቻርጅም አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ክስ በእንግሊዝኛ ሱ ይባላል። የኛ «ከሰሰ» ሦስቱንም ስለሚሸከም ነው የምንሳሳተው። ስለዚህ «ከሰሰ»ን ወደ እንግሊዝኛ ከመውሰዳችሁ በፊት ማን ከሰሰ፣ የት ከሰሰ ብላችሁ ጠይቁ።

መምህሬ ቀጥለው ሬስክዩ፣ አዳነ፣ የሚለውን ቃል ጻፉ። «ተቃራኒው ምንድን ነው?» አሉኝ። አሰብኩና «ገደለ?» አልኳቸው። ሰውዬው ከወንዝ ከሆነ የሚወጣው ተቃራኒው ጥሎ መሄድ ነው፤ ከጠላት እጅ ከሆነ መማረክ ነው፤ ሰውዬው የገባው ከወቀሳና ከክስ ውስጥ ከሆነ ግን ተቃራኒው መውቀስ፣ መኮነን፣ መቅጣት ነው አሉኝ። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም። ጽድቅና ኩነኔ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ የዳነ ሰው ተቃራኒ የተኮነነ ሰው እንደሆነ ከልጅነታችን እናውቃለን። (በነገራችን ላይ የኛ ኮነነና የእንግሊዝኛው ኮንዴም በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የኛው ከግዕዝ ነው፤ የነሱ ከላቲን ነው፣ ሥሩም ጉዳት ከሚለው ዳሜጅ ጋር አንድ ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ን» አለበት፣ ሲነገር ግን አይሰማም።)

ከሁሉም ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ስለ ቻርጅና ስለ ሬስክዩ ሥር የነገሩኝ ነው፤ የመጋዘን ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል። ቻርጅ ድሮ በላቲን ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነበር። ካርጎ የምንለውም ጭነት ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግም፣ ዋጋ ቻርጅ ማድረግም፣ ሰው ላይ ክስ ቻርጅ ማድረግም ሥራቸው አንድ ነው፤ መጫን። ሬስክዩ ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ሲሆን በላቲን ሥሩ ውስጥ ያለው ትርጉም ማራገፍ፣ ነቅንቆ መጣል ነው። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ያራግፋል። ቀኑን ሙሉ ጫኝና አውራጅ ሲጯጯሁ የሚውልበት ግቢ ውስጥ እየሠራሁ ይህን አለማወቄ አሳዘነኝ። ሐኪም ቤት ታማሚ ሲሸኝ ዲስቻርጅ ሆነ ይባል የለ? እሱም ያው ነው፤ ጭነቱ ወረደለት።

ይህ ትርጉም ሌላም ነገር ያስታውሳችኋል። ቡና የተጫነበትን መኪና በእንግሊዝኛ ሎድድ ዊዝ ኮፊ ይሉታል። ክስም ጭነት ከሆነ ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት፣ በስርቆት ተከሰሰ፣ ይባላል፤ ዊዝ የመጣው ከዚያ ነው ብላችሁ ብትይዙት አትረሱትም።

እነዚህ ትንንሽ ቃላት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ነው። አማርኛ በአንድ ፊደል የሰውን ዕጣ ይለውጣል። ፈረደለት፣ ፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ቆመለት፣ ቆመበት። «ለ» ታድናለች፣ «በ» ትኮንናለች። እዚህ ጅማ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆችም ያውቁታል፤ ረጋ በሄፍ ሲሉ መሰከረለት ነው፣ ኢቲ ረጋ በሄ ሲሉ መሰከረበት። እንግሊዝኛ ይህን የሚሠራው ግሡን ራሱን በመለወጥ ነው፤ ከግሡ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። እኛ ግን «በስርቆት ከሰሰው» ስለምንል «በ»ን ይዘን ሄደን «አክዩዝድ ባይ ስቲሊንግ» እንላለን። ይህ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ስርቆት የሚባል ሰው መጥቶ የከሰሰው ነው የሚመስለው።

እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው። ኦፍን የሚከተላት የድርጊቱ ስም ነው፤ ሰስፔክት፣ አክዩዝ፣ ኮንቪክት ሁሉም ኦፍ ይላሉ። የሚገርመው ግን አኩዊትም፣ ማለትም በነጻ አሰናበተ የሚለው፣ ኦፍ ነው የሚለው። በገባበት በር ይወጣል ብዬ ነው ለተማሪዎቼ የምነግራቸው። ፎር ምክንያቱን ትናገራለች፤ ብሌም፣ ፐኒሽ፣ ፋይን፣ አሬስት ከፎር ጋር ይሄዳሉ። ቱ መድረሻውን ታሳያለች፤ ሴንተንስድ ቱ ብለው ዓመቱን ይጽፋሉ። እንደኛው የወንጀል ሕግ ቀላል እስራት ከአሥር ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ለምሳሌ «ሴንተንስድ ቱ ፋይቭ ይርስ» ከተባለ ሰውየው የሚሄድበት መንገድ ርዝመቱ ተነገረ ማለት ነው። ፍሮም ደግሞ የማዳን ቃላት ሁሉ ናት፤ ሬስክዩ፣ ሴቭ፣ ዴሊቨር፣ ሪዲም ሁሉም ፍሮም ይላሉ፣ ከምን እንደወጣ ለመናገር።

ብሌም ሁለት መንገድ አላት፣ ሁለቱም ለቢሮ ሰው ያስፈልጉታል። «ብሌም ሂም ፎር ኢት» ማለት ስለ ነገሩ ወቀሰው ማለት ነው። «ብሌም ኢት ኦን ሂም» ደግሞ ነገሩን በሱ ላይ አላከከው ለማለት ይቀርባል፤ ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዛወር ይታያችኋል። የኔ የመጀመሪያ ሪፖርት ባላስበውም ሁለተኛው ነበር። ሞዴል ያልቆረጥኩት እኔ፣ የተላከከው ሽማግሌው ላይ።

ስለ ሴቭ አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ ከተማችን ገና በኳስ ደስታ ውስጥ ነበረች፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ማግስት ነው። መምህሬ «በረኛው ፍጹም ቅጣት ምቱን አዳነ፤ በእንግሊዝኛ በለው» አሉኝ። «ዘ ኪፐር ሴቭድ ዘ ፔናልቲ» አልኩ። ቅጣትና ማዳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኙ። ፔናልቲ፣ ፐኒሽ፣ ሕመም የሚለው ፔይን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሆነው ሰብፒና ጭምር ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ ትርጉሙ ቅጣት ነው። ሰብፒና በቀጥታ ሲፈታ «በቅጣት ሥር» ማለት ነው፤ ካልመጣህ ትቀጣለህ እንደማለት። ድሮ የ1949 ዓ.ም. ሕጋችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይባል ነበር፤ በእንግሊዝኛው ፒናል ኮድ ነው፣ ከዚያው የቅጣት ሥር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተባለ፣ በእንግሊዝኛውም ክሪሚናል ኮድ። ከስሙ ላይ መቅጣት የሚለው ወረደ።

አሁን ሁለተኛው ስህተቴ። ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ላድናቸው ስሞክር ያደረግሁት ነው።

የማዳን ቃል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጥፋቱን ይሽራል፤ አንዳንዱ ጥፋቱን እንዳለ ትቶ ቅጣቱን ብቻ ያነሳል። ፓርደን ሁለተኛው ነው። ፓርደን የሚደረግለት ሰው ያጠፋ ሰው ነው። በኛም ሕግ እንደዚያው ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 በሕግ መሠረት ይቅርታ የሚያደርገው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ይቅርታውም የሚጠየቀው ለተፈረደበት ሰው ነው። ያልተፈረደበት ሰው ምኑ ይቅር ይባላል? እኔ «ፓርደንድ» ስል ፈረንጆቹ ያነበቡት «አዎ ሰርቀዋል፣ ግን አዘንንላቸው» የሚል ነበር። ትክክል ናቸው፤ ቃሉ የሚለው እሱን ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ስንገጫጭም ይቅርታ፣ ወንድም ወንድሙን ሲበድልም ይቅርታ፣ መንግሥት እስረኛ ሲፈታም ይቅርታ ነው። በእንግሊዝኛ ትከሻ የነካ ሰው ኤክስኪዩዝ ሚ ወይም ሶሪ ይላል፤ ሰው ለሰው ሲተው ፎርጊቭ ነው፤ ሥልጣን ያለው አካል ቅጣት ሲያነሳ ፓርደን ነው። ኤክስኪዩዝና አክዩዝ ደግሞ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ጉዳይ፣ ምክንያት ከሚለው ኮዝ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ወደ ጉዳዩ ያስገባል፣ አንዱ ከጉዳዩ ያስወጣል።

እኔ የሚያስፈልገኝ ቃል ከሌላው ወገን ነበር። ፍርድ ቤት በነጻ ሲያሰናብት አኩዊት ነው፤ እሳቸው ግን ፍርድ ቤት አልቀረቡምና ይህም አይሆንም። ኤክሶነሬት የሚለው ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚህ ቃል ውስጥም ሸክም አለ፤ በላቲን ሸክም ማውረድ ነው። ከሁሉም ቀለል ያለውና ማንም የሚረዳው ግን ክሊርድ ነው፤ «ክሊርድ ኦፍ ሰስፒሽን» ከጥርጣሬ ነጻ ሆኑ። ሪዲምን እንዳትነኩ፤ መልሶ መግዛት ነው ትርጉሙ፣ የኛ ዋጀ እንደሚለው፣ ለሃይማኖት ወይም ለመያዣ ዕቃ ነው የሚሆነው። ዴሊቨርም ነጻ ማውጣት ነበር ሥሩ፣ ዛሬ ግን ዕቃ ከማድረስና ከማዋለድ ጋር ስለሚምታታ ለሪፖርት አይመችም።

መምህሬ ግን እነዚህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ደብዳቤው ላይ ከእነዚህ አንዱንም እንዳልጽፍ መከሩኝ። ይህን ምክር ከምንም በላይ ይዤዋለሁ። የፍርድ ቃል አትጻፍ፣ የሆነውን ጻፍ። ፖሊስ ጠየቃቸው፣ ለቀቃቸው። ክስ አልተመሠረተም። ቡና አልተሰረቀም። ሞዴል ያልቆረጠው እኔ ነኝ። እንዲህ ከተጻፈ አንባቢው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል፤ አንተም ባልገባህ ቃል ሰው አታስርም፣ ሰው አትፈታም። ደግሞም ማን እንዳደረገው ጻፍ። «ሂ ዋዝ አክዩዝድ» ብለህ ከተውከው የከሰሰው ሰው ይሰወራል፤ ተከሳሹ ብቻ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ያን ማታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የጻፍኩትን እንዳለ ላስፍረው፤ ለሚያስፈልገው ሰው አብነት ይሁን።

«አይ ዩዝድ ዘ ሮንግ ዎርድ። ዘ ጋርድ ዋዝ ኔቨር ቻርጅድ ዊዝ ኤኒ ክራይም። ዘ ፖሊስ ኩዌስችንድ ሂም ኤንድ ሪሊስድ ሂም። ኖ ኮፊ ዋዝ ስቶለን። ዘ ባግስ ዌር ሙቭድ ዊዛውት ኤ ሪሲት፣ ኤንድ አይ አም ቱ ብሌም ፎር ዛት።»

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። «አይ አም ቱ ብሌም» ስትታይ «ልወቅስ ነኝ» የምትል ትመስላለች፤ ትርጉሟ ግን ተወቃሹ እኔ ነኝ ነው። ስጽፋት እጄ ከበደኝ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈርቻለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። መምህሬ ምንም አላሉኝም፣ ሁለተኛውን ቡና ቀድተው አቀረቡልኝ። ላክሁት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሪትን ዎርኒንግ የሚሉት ነው። ሬፕሪማንድ ሊሉት ይችሉ ነበር፣ እሱ ጠንከር ያለ የአለቃ ተግሳጽ ነው። ቤት ውስጥ እናት ልጇን ስትቆጣ ደግሞ ስኮልድ ነው፤ የቢሮ ደብዳቤ ላይ አይገባም።

ከዚህ ወዲያ ያገኘኋቸውን ሁለት ወጥመዶች በአጭሩ ልንገራችሁ። ፋይን ደህናም ነው፣ የገንዘብ ቅጣትም ነው፤ «ሂ ኢዝ ፋይን» ደህና ነው፣ «ሂ ዋዝ ፋይንድ» ተቀጣ። ሳንክሽን ደግሞ ማዕቀብም ነው፣ ፈቃድም ነው፤ ዙሪያውን ሳታነቡ አትተርጉሙት። ሴንተንስን ተማሪ ሁሉ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ያውቃል፣ ጋዜጣ ላይ ሲያገኘው ግን ይደናገራል፤ የዳኛ ሴንተንስ ቅጣት ነው። እኔ የጻፍኩትም ዓረፍተ ነገር ለአባባ ሁለቱንም ሆኖባቸዋል።

ጥር ላይ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ደብዳቤ መጣ፤ ያልተከፈላቸው የሁለት ወር ደመወዝም አብሮ ተላከ። ደብዳቤውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ «አባባ፣ አፉ በሉኝ፤ ያስወጣኋችሁ እኔ ነኝ፣ ቃል ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ያወቁት ያኔ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩና «ግባ ልጄ፣ ውጭ አትቁም» አሉኝ።

ከገባሁ በኋላ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። በአማርኛ ደገምኩላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩ።

«ያወጣችኝ የቷ ናት?» አሉኝ።

«ኔቨር» የምትለዋን አሳየኋቸው። «በጭራሽ ማለት ናት፣ በጭራሽ አልተከሰሱም» አልኳቸው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከሥሯ አሰመሩባት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ቆብ ያደረጉበትን ዱላ አነሱ። የማታ ፈረቃ ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር።